መርፌው ምን ይችላል፣ ምን አይችልም? አኩፓንክቸር ከዘመናዊ ሕክምና ጎን

ወገቡን ለወራት ያመመው ሰው አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌዎችን ሰውነት ላይ በመሰካት የሚሰጥ ጥንታዊ የቻይና ሕክምና) ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው። ኤምአርአይ ተነሥቷል፣ የሕመም ማስታገሻው ጨጓራውን ማቃጠል ጀምሯል፣ ፊዚዮቴራፒውንም መሀል ላይ አቋርጦታል። ይሄኔ ነው አንዱ ወዳጁ "መርፌውንስ ለምን አትሞክረውም?" የሚለው። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ደግሞ ሁለት ዓይነት ተናጋሪ ይገጥመዋል። አንዱ መርፌው ከራስ ምታት እስከ መካንነት የማይፈታው ችግር የለም ይላል። ሌላው ነገሩ ሁሉ ተረት ነው ብሎ በሩን ይዘጋዋል። ጥናቶቹ የሚናገሩት ግን ከሁለቱም የራቀና ትንሽ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ያንን ግራ የሚያጋባ ነገር የተረዳ ሰው ጥሩውን ባለሙያ ከቀሽሙ ለመለየት ብዙ አይቸገርም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ "የተቀናጀ ሕክምና" ስለሚባለው። መርፌ፣ ማሳጅ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ፣ ዮጋና የመሳሰሉት የሐኪሙን ሥራ ሳይተኩ ከጎኑ ሲሠራባቸው ነው እንዲህ የሚባለው። ቁም ነገሩ ያለው "ሳይተኩ" የሚለው ላይ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የጡት ካንሰር ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሴቶች በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ አሮማቴዝ ኢንሂቢተር የተባሉ ክኒኖችን ለአምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። ክኒኖቹ መገጣጠሚያን ክፉኛ ያሳምማሉ፤ ጣት ማጠፍና ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ሴቶች ሕክምናውን መሀል ላይ ይተዉታል። እዚህ ላይ መርፌው ካንሰሩን አይነካውም። ሕመሙን ካቀለለላት ግን ሴትዮዋ ክኒኑን ትቀጥላለች፣ ካንሰሩን የሚከላከልላት ደግሞ ክኒኑ ነው። በ2022 የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ማኅበር ከተቀናጀ ኦንኮሎጂ ማኅበር ጋር ሆኖ ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም አኩፓንክቸርን የመከረው በዚህ መንፈስ ነው። ሐኪሙ የመረመረውን በሽታ "አይደለም፣ የአንቺ ችግር የጉበት ሙቀት ነው" ብሎ የሚሽር ሰው ግን በሩ ላይ የፈለገውን ቢጽፍ ምንም ነገር አላቀናጀም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ረዘም ይላል። ልምድ ያለው ባለሙያ መርፌ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል፦ ሕመሙ የሚብሰው ጠዋት ነው ወይስ ማታ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው፣ ምን መድኃኒት ይወሰዳል፣ ደም የሚያቀጥን ክኒን አለ ወይ፣ እርግዝናስ? ምላስ ያያል፤ በሁለቱም እጆች አንጓ ላይ ሦስት ሦስት ጣቱን አሳርፎ የደም ትርታ ይዳስሳል። የምላሱና የትርታው ምርመራ ብዙ የሚያስተማምን አይደለም። ሁለት ባለሙያዎች አንድን ታካሚ ለየብቻ መርምረው የተለያየ ነገር ሲናገሩ በጥናት ታይቷል። ጥያቄዎቹ ግን ቀላል አይደሉም፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

መርፌው ሰው በክትባት ከሚያውቀው መርፌ ጋር አይመሳሰልም። ውስጡ ክፍት ሳይሆን ድፍን ነው፤ ምንም ፈሳሽ አያስገባም፣ ደምም አይቀዳም። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.16 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶበት ይጣላል፤ ከታሸገው ፓኬት የሚወጣውም ብዙ ጊዜ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ነው። ባለሙያው ቦታውን በአልኮል ይጠርጋል፣ ቱቦውን ቆዳ ላይ ጫን አድርጎ ያቆማል፣ ከቱቦው በላይ ብቅ ያለችውን የመርፌዋን ራስ በአመልካች ጣቱ አንዴ መታ ያደርጋታል። የቱቦው ጫና ወጋ የሚለውን ስሜት ስለሚያደበዝዘው ብዙ ሰው "ገባ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ቱቦው ይነሣና መርፌው ወደሚፈለገው ጥልቀት ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ ጣት ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ መቀመጫ ላይ ብዙ ሴንቲ ሜትር።

ቀጥሎ ባለሙያው መርፌውን በሁለት ጣቱ ያሽከረክረዋል። ታካሚው የሚሰማው የወጋ ሕመም ሳይሆን ከበድ፣ ደንዘዝ፣ አንዳንዴም ነዘር የሚል ነገር ነው። ቻይናዎቹ ይህን ዴ ቺ ይሉታል። በዚያው ቅጽበት ባለሙያው ራሱ በጣቶቹ መካከል መርፌው ሲያዝበት ይሰማዋል። ይህ ቅዠት አይደለም። ሄለን ላንዥቫን የተባሉ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት መርፌው ሲዞር ከቆዳ ሥር ያለው ስስ ሕብረ ሕዋስ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ይጠመጠምበታል፤ ይዞ የሚጎትተውም እሱ ነው።

ከዚያ ታካሚው ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ዝም ብሎ ይተኛል። አንዳንድ ጊዜ መርፌዎቹ ላይ ትንንሽ መቆንጠጫዎች ተያይዘው ደካማ የኤሌክትሪክ ምት ይላክባቸዋል። ሲያልቅ መርፌዎቹ ይነቀላሉ፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ሲያስገባም ሲነቅልም ይቆጥራል። ፀጉር ውስጥ ወይም ከፎጣ ሥር ተረስቶ የሚቀር መርፌ በዚህ ሙያ የታወቀ ጥፋት ነውና።

ሥራው ምን ላይ ነው?

ጥንታዊው ማብራሪያ ቺ የተባለ ኃይል በሰውነት ውስጥ በመስመሮች ይፈስሳል፣ ሲታገድ ሕመም ይመጣል፣ መርፌው እገዳውን ይከፍታል የሚል ነው። አሥራ ሁለት ዋና መስመሮችና በሰውነት መሀል፣ በፊትና በኋላ፣ የሚያልፉ ሁለት ሌሎች አሉ፤ በእነሱ ላይ 361 ነጥቦች ተቆጥረዋል። እነዚህን መስመሮች በማይክሮስኮፕም ሆነ በቀዶ ሕክምና ያገኘ ሰው የለም። ይህን ስናገር የሚከፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ራሳቸው መስመሮቹን እንደ ካርታ እንጂ እንደ ቧንቧ አያዩአቸውም።

የተገኘው ሌላ ነገር ነው። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፈውን ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ሲሰጡ መርፌው ያመጣው የሕመም መቀነስ አብሮ ይከሽፍ ጀመር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መርፌው ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር ያስለቅቃል ማለት ነው። በኋላ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሃን ጂሼንግ የኤሌክትሪኩ ፍጥነት ሲለያይ የሚለቀቀው ንጥረ ነገርም እንደሚለያይ አሳዩ፤ በሰከንድ ሁለት ምት አንዱን ዓይነት፣ መቶ ምት ሌላውን። በ2010 ደግሞ አይጦች ላይ በተሠራ ምርምር መርፌው በገባበት አካባቢ አዴኖሲን የተባለ ሕመም የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ሲጨምር ታየ።

ምዕራቡ ዓለም በዚህ ጉዳይ ያበደው ግን ከላቦራቶሪ ተነሥቶ አይደለም። በ1971 ጄምስ ረስተን የተባለ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤይጂንግ ላይ ትርፍ አንጀቱ ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ስለ ገጠመውም ጻፈ። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው "ያለ ማደንዘዣ፣ በመርፌ ብቻ ተቀዶ ዳነ" ብሎ ያወራዋል። እንደሱ አይደለም። ሲቀደድ የተለመደው የማደንዘዣ መርፌ ተወግቷል። አኩፓንክቸሩ የተደረገለት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲያስጨንቀው ነው። የወሬው ስሕተት ከወሬው በላይ ያስተምራል፤ መርፌው ያኔም የተሠራበት ከቀዶ ሕክምናው ጎን ነበር።

የጀርመኑ ውጤት

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ2007 የታተመ አንድ ትልቅ የጀርመን ጥናት ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን 1,162 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን እንደ ደንቡ ትክክለኛ አኩፓንክቸር ተደረገለት። ሁለተኛው የማስመሰያ መርፌ አገኘ፤ መርፌው ከነጥቦቹ ውጪ፣ ከላይ ከላይ፣ ሳይሽከረከር ነበር የሚገባው። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና አገኘ፦ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና ስፖርት። ከስድስት ወር በኋላ በትክክለኛው መርፌ 47.6 በመቶ፣ በማስመሰያው 44.2 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና 27.4 በመቶ የሚሆኑት ተሻላቸው።

ቁጥሮቹን ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መርፌ የተወጋ፣ ትክክለኛውም ይሁን የማስመሰያው፣ ካልተወጋው በእጅጉ ይሻላል። ትክክለኛው ከማስመሰያው የሚለየው ግን በጣት በሚቆጠር ነገር ነው። የሚያምን ሰው የመጀመሪያውን ይዞ "ከመድኃኒት ይበልጣል!" ይላል፤ የማያምን ሁለተኛውን ይዞ "የትም ቢወጉት ያው ነው!" ይላል። ሁለቱም ከአንዱ ሠንጠረዥ ነው የሚያነቡት።

የ39 ጥናቶችን፣ የ20,827 ታካሚዎችን መረጃ አንድ ላይ አድርጎ በ2018 የወጣው ትንተናም ሥዕሉን አልገለበጠውም፤ አጠራው እንጂ። ትክክለኛው መርፌ ከማስመሰያው ይበልጣል፣ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም የአጋጣሚ አይደለም። መርፌ ካለማድረግ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ጥቅሙ ሰፋ ይላል። ከአንድ ዓመት በኋላም የጠፋው ከጥቅሙ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

መንግሥታትም እንደ ሰው ተለያይተዋል። የጀርመን የጤና ሥርዓት በራሱ ጥናቶች ተመርኩዞ ለረጅም ጊዜ የወገብና የጉልበት ሕመም የመርፌውን ወጪ ለመሸፈን ወሰነ፤ ለራስ ምታት ግን እምቢ አለ። እንግሊዝ ውስጥ መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በ2016 ለወገብ ሕመም አኩፓንክቸር አትስጡ አለ። ይኸው ተቋም በ2012 ማይግሬን ለመከላከል እስከ አሥር ቀጠሮ እንዲታሰብ መክሮ ነበር፤ በ2021 ደግሞ ምክንያቱ በውል ለማይታወቅ የቆየ ሕመም ሐኪሞች አኩፓንክቸርን እንዲያስቡበት ጻፈ። እርስ በርሱ የተምታታ ቢመስልም የተለያየው ጥያቄው ነው። "ነጥቡ በራሱ ይሠራል ወይ?" ብሎ የጠየቀ ቀዝቃዛ መልስ ያገኛል። "እዚህ የሄደ ሰው ካልሄደው ይሻለዋል ወይ?" ያለው ደግሞ ሞቅ ያለ።

እኔ ከዚህ የምወስደው የሚከተለውን ነው። ማስመሰያው መርፌ ባዶ ክኒን አይደለም፤ ቆዳ የተነካበት ሁሉ ነርቭ ይቀሰቀሳል። ከዚያ በላይ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ መተኛት አለ፣ የሚነካ እጅ አለ፣ በጥሞና የሚሰማ ሰው አለ፣ ይሻለኛል የሚል ተስፋ አለ። ይህ ሁሉ ሕመም ላይ ይሠራል፤ ሕመም የሚቀመረው አንጎል ውስጥ ነውና "ሐሳብ ብቻ ነው" ብሎ መናቅ አይገባም። የማይነካውም ግልጽ ነው፦ ዕጢ አያሟሽሽም፣ የተዘጋ የልብ ደም ቧንቧ አይከፍትም፣ ኢንፌክሽን አይገድልም። እንግዲህ የልምድ ያለው ባለሙያ ብልጫ 361ዱን ነጥቦች በቃሉ መያዙ ብቻ ሊሆን አይችልም። ዋናው ብልጫው የትኛው ታካሚ በመርፌ እንደሚጠቀም፣ መቼ እንደሚያቆም፣ ማንን መርፌ ሳይነካው ወደ ሐኪም እንደሚልክ ማወቁ ላይ ነው።

የት ይረዳል፣ የት አይረዳም

ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ማቅለሽለሽ ነው። ከእጅ አንጓ መስመር በታካሚው ሦስት ጣት ስፋት ወደ ክንዱ ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ኔይጓን የተባለ ነጥብ አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣን ማቅለሽለሽ በመከላከል ይህን ነጥብ መቀስቀስ ከተለመዱት ማስመለስ ማቆሚያ መድኃኒቶች ጋር የሚቀራረብ ውጤት አሳይቷል፤ በአውራ ጣት መጫንም ይቻላል። ማይግሬን ደጋግሞ የሚመጣባቸው፣ የቆየ የወገብ፣ የአንገትና የጉልበት ሕመም ያለባቸው ሰዎችም መሞከራቸው አያስወቅስም።

መካንነት ላይ ግን ተስፋው በልጧል። በ2002 የወጣ ትንሽ ጥናት በላቦራቶሪ የሚፀነስ ፅንስ ከመግባቱ በፊትና በኋላ መርፌ ማድረግ የመፀነስ ዕድልን ይጨምራል ብሎ ብዙ ክሊኒኮችን አስጨበጨበ። በ2018 አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ውስጥ 848 ሴቶች ላይ ተሠርቶ የታተመው ትልቅ ጥናት ግን በሕይወት የተወለዱ ሕፃናትን ቆጠረ፦ 18.3 በመቶ በትክክለኛው፣ 17.8 በመቶ በማስመሰያው። ያው ነው ማለት ነው። ሲጋራ ለማስተውና ክብደት ለመቀነስ ጆሮ ላይ የሚሰኩትም የሚያጠግብ ማስረጃ የላቸውም።

ስለ ማቆም ካነሣን፣ የአሜሪካው የአረጋውያን መድን ሜዲኬር ከ2020 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ሁሉም ቤት ቢሰቀል ደስ ይለኛል። ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ቀጠሮ ይከፍላል። መሻል ከታየ ስምንት ይጨመራል፤ በዓመት ከ20 አይበልጥም። ለውጥ ከሌለ ይቆማል። የሃያ ቀጠሮ ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ፣ ሳይሻል ሲቀር ደግሞ "ሰውነትዎ ገና እየጸዳ ነው" የሚል ቤት ከገጠመዎት ጫማዎን ማሰር ይጀምሩ።

ጉዳቱስ?

በሠለጠነ እጅ ትንሽ ነው። ጀርመን ውስጥ 229,230 ታካሚዎች ተከታትለው 8.6 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ችግር ገጥሟቸዋል፤ አብዛኛው ጥቂት መድማት ወይም የበለዘ ቆዳ ነው። በሁለት ሰዎች ላይ ግን መርፌው የሳንባ ሽፋን ደርሶ አየር አፍስሷል። ከዚህ ሁሉ ሰው ሁለት ብቻ ነው፣ ሆኖም ደረትና የትከሻ አናት ላይ ጥልቀት የማያውቅ እጅ ምን እንደሚያደርግ ይነግረናል። ከቀጠሮ በኋላ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደረቱን የወጋው ሰው እስከ ነገ መጠበቅ የለበትም። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ላይ ኤሌክትሪክ አይያያዝም። በካንሰር ቀዶ ሕክምና ምክንያት ያበጠ ክንድ ላይ መርፌ አይሰካም፤ ነጭ የደም ሕዋሱ ክፉኛ የወረደ ታካሚም ይጠብቃል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ በራሱ አይከለክልም፣ ባለሙያው ካወቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ባዶ ሆዱን ባይሄድና ተቀምጦ ሳይሆን ተኝቶ ቢወጋ ይሻላል፤ ራሳቸውን የሚስቱት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ከመርፌው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ አብሮ የሚሸጠው ዕፅ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ የተሰጠ የቻይና ዕፅ ቅልቅል ውስጥ አንዱ ሥር በሌላ ተተክቶ ነበር፤ የተተካው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ነበረበት። ወደ መቶ የሚጠጉ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ከነጭራሹ መሥራት አቆመ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ለድብርት የሚወሰድ ዕፅ የወሊድ መቆጣጠሪያንና የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ያዳክማል። ሊኮሪስ የተባለው ጣፋጭ ሥር ደም ግፊት ይጨምራል። መርፌ ሲነቀል ያበቃል፤ የተዋጠ ነገር ግን ከሌላው መድኃኒት ጋር ሰውነት ውስጥ ይገናኛል።

ወደ ጥያቄዎቹ ልመለስ። ወገቡን አሞት የመጣን ሰው ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲህ ብሎ ይጠይቀዋል፦ ሽንትዎን መቆጣጠር አቅቶዎት ያውቃል? በጭኖችዎ መካከል ይደነዝዝዎታል? ሌሊት ያተኩስዎታል፣ ሳያስቡት ከስተዋል? አንዱ "አዎ" ከሆነ መርፌው ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የነርቭ ጥቅል መጨፍለቅ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉና በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። የተቀሩት ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ያስጠረጥራሉ። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሊድን በሚችል ደረጃ ላይ ያለ ካንሰራቸውን በዘመናዊ ሕክምና መታከም ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የያዙ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ዘመናዊውን ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። የጡት ካንሰር ክኒኗን በመርፌ እርዳታ ከምትቀጥለው ሴት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው።

ሥልጠናን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ሐኪም ላልሆነ ሰው 2,500 ሰዓት ትምህርት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 1,000ው በተግባር እንዲሆን መክሯል። ሐኪም ሆኖ መርፌውን በራሱ ሥራ ውስጥ ብቻ ለሚጠቀም ደግሞ ከ200 ሰዓት አያንስም። በሁለት ቅዳሜና እሑድ ኮርስ የምስክር ወረቀት ይዘው የሚሠሩም ስላሉ "የት ተማሩ፣ ስንት ጊዜ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። "ከስንት ቀጠሮ በኋላ ለውጥ ካላየሁ እናቆማለን?" የሚለውም እንዲሁ። ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ቫይታሚንና ዕፅ ሳይቀር፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ አንዱን ቅጂ ለሐኪምዎ ይስጡ፣ መርፌ እንደጀመሩም ይንገሩት።